የማይነካ ፋየርፕሌስ፦ በአንድ የኪራይ ቪላ ሳሎን የቆመ ተነቃይ ሽፋን

ቤቱ አዲስ አበባ፣ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ያለ ፎቅ የሌለው የቆየ ቪላ ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው፣ ወለሉ ፓርኬ ነው፣ መስኮቶቹ ትልልቅ ናቸው። ችግሩ በሩን ከፍቶ ለገባ ሰው ፊት ለፊት የሚጠብቀው ፋየርፕሌስ ነው። ሲሠራ በአምቦ ድንጋይ የተለበጠ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ተከራይ ድንጋዩን በሚያብረቀርቅ ቡናማ የዘይት ቀለም ቀባው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ፉጋ ደግሞ አንድ በአንድ ነጭ አደረገው። ከመደርደሪያው በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ቢጫና ቡናማ እድፍ አለ። ክረምት ሲገባ ሳሎኑ የቆየ ጭስ ይሸታል።

ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ማታ ስለሚበርድ በቆዩት ቪላዎች ሳሎን ውስጥ ፋየርፕሌስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እዚህ ቤት ግን የሚያነድደው አልነበረም። አዲሶቹ ተከራዮች፣ ባልና ሚስት ከሁለት ትንንሽ ልጆች ጋር፣ እንዲነድድ አልፈለጉም፤ እንዳይታይ ነው የፈለጉት። የአከራይዋ መልስ አጭር ነበር።

«ልጆቼ፣ ቤቱን እንደ ቤታችሁ ኑሩበት። ድንጋዩን ግን ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአምቦ አስጭኖ ያሠራው ነው። ያለፈው ተከራይ ቀለም ለቅልቆ አበላሸብኝ። ከእንግዲህ ሚስማርም ቀለምም አይነካውም።»

«እትዬ፣ ሳንነካው ብንሸፍነውስ?»

«ሳትነኩት ከሆነማ እኔ ምን ቸገረኝ!»

የሥራው መመሪያ በሙሉ ከዚህች ንግግር ወጣ፦ ግድግዳው አይበሳም፣ ድንጋዩ ላይ ማጣበቂያ አይለጠፍም፣ የሚሠራው ነገር በራሱ እግር ይቆማል፣ ቤቱ በሚለቀቅበት ዕለት ተፈትቶ ይወጣል።

ልኩ

ልክ ሲወሰድ መጀመሪያ የሚጻፈው የፊቱ ስፋት ሳይሆን የእያንዳንዱ ክፍል ከግድግዳው መውጣት ነው፤ ብዙ አናጺ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ቤት ልክ የሚከተለው ነበር። የድንጋዩ ፊት 168 ሴ.ሜ ስፋት አለው፣ ከግድግዳው 10 ሴ.ሜ ይወጣል። ከላዩ ያለው የሲሚንቶ መደርደሪያ 180 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 6 ሴ.ሜ ውፍረት አለው፣ ከግድግዳው 24 ሴ.ሜ ይወጣል፤ ስለዚህ ከድንጋዩ በ14 ሴ.ሜ ያልፋል ማለት ነው። ከታች ከወለሉ 15 ሴ.ሜ ከፍ ያለ መደብ አለ፤ 200 ሴ.ሜ ስፋት፣ ከግድግዳው 52 ሴ.ሜ ጥልቀት። ከመደቡ እስከ መደርደሪያው ሆድ (የታችኛው ፊቱ) 108 ሴ.ሜ ነው፣ እስከ መደርደሪያው ጀርባ (የላይኛው ፊቱ) 114። የእሳቱ አፍ 84 በ68 ሴ.ሜ ነው። የጭስ መውጫው ከቤቱ ውጪ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ስለተገነባ ከመደርደሪያው በላይ ያለው ግድግዳ ልሙጥ ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ሥራውን የወሰነው የመደቡ 52 ሴ.ሜ ነው። ተከራዮቹ መጀመሪያ ያሰቡት ቡፌ አምጥቶ ፊቱ ላይ መገተር ነበር። መደቡ 52፣ ቡፌው 45 ሲሆን የቡፌው ፊት ከግድግዳው አንድ ሜትር ገደማ ወጥቶ ሳሎኑን ይበላል። መደቡን እንደ ጠላት ከማየት እንደ መቆሚያ መጠቀም ይሻላል፤ ሽፋኑ እላዩ ላይ ከቆመ ከፓርኬው አንድ ሴንቲሜትር እንኳ አይወስድም።

ከፊቱ በፊት ጉሮሮው

ፋየርፕሌስ የሚሸፍኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመልኩ ይጀምራሉ። ከስድስት ወር በኋላ ሽታው፣ እርጥበቱና የሚረግፈው ጥቀርሻ በአዲሱ እንጨት በኩል ይመጣባቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉሮሮው፣ ማለትም ከእሳቱ አፍ ወደ ጭስ መውጫው የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ፣ ይፈተሻል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ማታ አንድ ሰንደል ለኩሶ እሳቱ አፍ ውስጥ ወደ ኋላ ገባ አድርጎ መያዝ ነው። ጭሱ ወደ ላይ ከተሳበ ጉሮሮው ክፍት ነው፣ አየርም ይስባል። ባለበት ከተንሳፈፈ ምናልባት ተዘግቷል። እዚህ ቤት ጭሱ ወደ ሳሎኑ ተመልሶ መጣ። ምክንያቱ የጭስ መውጫው በውጪ ግድግዳ ላይ ስለሆነ ማታ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ይከብድና ቁልቁል ይወርዳል። የወጥ ቤቱ ጭስ መሳቢያ ሲበራ ደግሞ ይባሱን ከሳሎን አየር ስለሚስብ በጭስ መውጫው በኩል የውጪ አየር ይተካል፤ አየሩም የጥቀርሻውን ሽታ ይዞ ይገባል።

ቀጥሎ በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ወደ ላይ ማየት ነው። ሁለት ነገር ታየ፦ ጉሮሮውን የሚከፍትና የሚዘጋ የብረት ክዳን የለም፤ ከላይ ደግሞ ሰማይ ይታያል። ሰማይ ከታየ ዝናብም ይገባል። የግድግዳው ቢጫ እድፍ መነሻ ይኸው ነው። የዝናብ ውሃ በጭስ መውጫው ውስጥ ያለውን ጥቀርሻና ቅጥራን እያሟሟ በግንቡ ውስጥ ዘልቆ በልስኑ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ እድፍ ላይ የፕላስቲክ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው፤ ቀለሙ በውሃ የሚበጠበጥ ስለሆነ እድፉን ራሱ ያሟሟውና በሳምንታት ውስጥ ከላይ ብቅ ይላል። መጀመሪያ ዝናቡ ይቆማል፣ ግድግዳው ይደርቃል፣ ከዚያ በዘይት ቀለም መሠረት ይታተማል። ይህ ደግሞ የአከራይ ሥራ ነው።

ጣሪያው ላይ የተሠራው ቆብ ከቆርቆሮ የተቆረጠ፣ በአራት እግር ከጭስ መውጫው አፍ 20 ሴ.ሜ ያህል ከፍ ያለ፣ በአራቱም ጎን የሚያልፍ ነው። ዙሪያው ወፍ እንዳያስገባ ቀዳዳው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ በሆነ የሽቦ ወንፊት ታጠረ፤ ከጭስ መውጫው የወጣው ጭራሮ የአንድ ጎጆ ብቻ አይመስልም ነበር። ወጪውን አከራይዋ ሸፈኑ። ጣሪያና የጭስ መውጫ የቤቱ አካል ስለሆኑ ተከራይ በራሱ ኪስ የሚያሠራበት ምክንያት የለም፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የሚያሠራ አከራይ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የእድፉን ፎቶ ይዞ መነጋገር ያግዛል።

ጥቀርሻው የሚጠረገው ደረቁን ነው። ውሃ ካገኘው ቀለም ይሆናል፤ ድንጋይና ፉጋ ውስጥ ከገባ ደግሞ አይወጣም። ፓርኬው እስከ ሁለት ሜትር ድረስ በላስቲክ ይሸፈናል፣ አፍና አፍንጫ በማስክ ይሸፈናሉ፣ ጠንካራ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የቤት ቫኪዩም አይነካም፤ ጥቀርሻ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በማጣሪያው አልፎ በጀርባው በኩል ሳሎኑ ላይ ይረጫል። ከተጠረገ በኋላ የእሳቱ ሆድ በሳሙና በራሰና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይወለወላል። እጣን ማጨስ ሽታውን ለአንድ ሰዓት ይሸፍናል እንጂ አያስወግደውም።

ጉሮሮው 60 በ22 ሴ.ሜ ነበር። ለመዝጊያ 10 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው የፍራሽ ስፖንጅ 62 በ24 ሴ.ሜ ተቆረጠ፤ በርዝመትም በወርድም ሁለት ሁለት ሴንቲሜትር የበለጠው ተጨምቆ ሲገባ በራሱ ኃይል እንዲይዝ ነው፤ ሚስማር የለውም፣ ማጣበቂያ የለውም። ስፖንጁ በወፍራም ፌስታል ተጠቀለለ፤ በማዕዘን ትይዩ ያሉት ሁለት ጫፎቹ በ3 ሴ.ሜ ተሸረፉ። ሽርፉ የተተወው ሆን ተብሎ ነው። ጭራሽ የታሸገ የጭስ መውጫ ውስጡ ያለውን እርጥበት ማስወጫ ስለሚያጣ ግንቡ ጨው ያወጣል፣ ልስኑም ይነሳል። ከስፖንጁ ላይ ግማሽ ሜትር ቀይ ጥብጣብ ተንጠልጥሎ ጫፉ ላይ ካርቶን ታሰረ፦ «ጉሮሮው ተዘግቷል፤ እሳት አይነድድም።» ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ሌላ ተከራይ ሽፋኑን አንሥቶ እንጨት ቢያነድድ መዝጊያው መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ ይህች ጥብጣብ ብቻ ናት።

ከዚያ አንድ ከባድ ዝናብ ተጠበቀ። ስፖንጁ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው አናጺው የተጠራው።

ያልተሠሩት ነገሮች

የድንጋይ መልክ ያለው ስቲከር ተሞክሮ ወደቀ። ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ ስቲከሩ የሚነካው ጉብታውን ብቻ ነው። በሁለት በኩል የሚለጥፍ ፕላስተር ደግሞ በተቃራኒው ከመጠን በላይ ያዘ፤ ሲላቀቅ ከቡናማው ቀለም የጥፍር ያህል ቅርፊት ገንጥሎ መጣ። አከራይዋ ያዩት እንደሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። የጂፕሰም ቦርድ ግድግዳ ተበስቶ የሚገባ ፊሸርና ቪቴ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ወድቋል። መጋረጃ ከሁሉ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሳሎን መሃል መስኮት የሌለበት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ «ከኋላዬ ምን አለ?» እያለ የሚጠራ ነገር ነው።

ሽፋኑ

መጀመሪያ በካርቶን ተሠራ። የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ካርቶን ተቀጣጥሎ በልኩ ተቆርጦ መደቡ ላይ ቆመ። በዚህ ሙከራ የታየው ነገር ዕቅዱን ቀየረው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ልሙጥ ሆኖ ሲሸፈን ሳሎን ውስጥ ያለ ምክንያት የቆመ አጭር ቁም ሳጥን መሰለ። የእሳቱ አፍ የነበረበት ቦታ በ3 ሴ.ሜ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ዓይን የሚያርፍበት ነገር አገኘ፤ ሽፋን መሆኑም ቀረና የቤት ዕቃ ሆነ። ካርቶን ነጻ ነው፤ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሳንቃ) ከተቆረጠ በኋላ ሐሳብ መቀየር ግን ነጻ አይደለም።

የመጨረሻው ቅርጽ ሦስት ቁራጭ ነው፦ ግራ እግር፣ ቀኝ እግር፣ በመካከላቸው የሚያርፍ ግንባር። ከላይ አንድ ሳንቃ ይከድናቸዋል። ጠቅላላ ስፋቱ 192 ሴ.ሜ ሆነ (51፣ 90፣ 51)፣ ቁመቱ 114። መደርደሪያው 180 ስለሆነ በግራና በቀኝ የሞራሌው (የአጽሙ እንጨት) እና የኤምዲኤፉ ውፍረት ተቀንሶ አንድ አንድ ሴንቲሜትር ክፍተት ይተርፋል። ክፍተት የሌለው ሥራ በአሮጌ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ቀጥ ያለ ግድግዳ የለምና።

አጽሙ 4 በ5 ሴ.ሜ ሞራሌ ነው። ወደ 13 ሜትር ይፈጃል፤ ከብክነቱ ጋር 4 ሜትር የሆኑ አራት ሞራሌዎች ይበቃሉ። የሚገዛው ደረቅና ቀጥ ያለ መሆን አለበት። በቅርብ የተሰነጠቀ እርጥብ ባሕር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፤ ከተሠራ በኋላ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ኤምዲኤፉንም ይዞት ይሄዳል። ሞራሌውን በአንድ ዓይን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይቶ መምረጥ ከሻጩ ቃል ይበልጣል።

ለፊቱና ለጎኑ 9 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ፣ 122 በ244 ሴ.ሜ የሆነ አንድ ሙሉ ሉህ ይበቃል፣ አቆራረጡ ከታወቀ። በ244ቱ አቅጣጫ ተሰልፈው ሁለት ባለ 51፣ ሁለት ባለ 29 እና አንድ ባለ 46 ቁራጮች ይወጣሉ፤ ድምሩ 206 ሴ.ሜ ነው፣ መጋዙ የሚበላው ሲጨመርም ትርፍ አለ። የ51ዶቹ ርዝመት 114 ሆኖ የእግሮቹ ፊት ይሆናሉ፤ የ29ኞቹ ርዝመትም 114 ሆኖ ጎን ይሆናሉ፤ የ46ቱ ርዝመት 90 ሆኖ ግንባሩን ይሸፍናል። አናጺው ፊቱን ከአንድ ቁራጭ አውጥቼ መሃሉን ልብሳው ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ቢሆን ሁለተኛ ሉህ ይገዛ ነበር። ለላይኛው ሳንቃ 18 ሚ.ሜ ኤምዲኤፍ፣ 194 በ32 ሴ.ሜ፣ ከእንጨት ቤቱ ትራፊ ተገኘ።

እያንዳንዱ ቪቴ ከመግባቱ በፊት በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መብሻ) በ3 ሚ.ሜ ይበሳል፤ ደረቅ ሞራሌ ጫፉ አካባቢ ሳይበሳ ከተመታ ይሰነጠቃል። አጽሙ በ8 ሴ.ሜ ቪቴና በእንጨት ኮላ ተያያዘ። ኤምዲኤፉ በ3.5 ሴ.ሜ ቪቴ በየ20 ሴ.ሜ ታሰረ። ቪቴ በኤምዲኤፍ ፊት እንጂ በጠርዙ በኩል አይገባም፤ ጠርዙ እንደ መጽሐፍ ይገለጣል። እግሮቹና ግንባሩ እርስ በእርስ በኮላ አልተያያዙም። በእያንዳንዱ በኩል ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው አራት ባለ 8 ሚ.ሜ ቡሎኖች፣ 12 ሴ.ሜ ርዝመት ያላቸው፣ ከራንዴላና በእጅ ከሚዞር ዳዶ ጋር ያገናኟቸዋል። በእሳቱ አፍ በኩል እጅ አስገብቶ በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ከዚያ ሦስቱም ቁራጮች 90 ሴ.ሜ በሆነ በር ያልፋሉ።

ልጆች ባሉበት ቤት ዋናው ጥያቄ መውደቅ ነው። ሽፋኑ ግድግዳው ላይ ስላልታሰረ ልጅ ሳንቃውን ይዞ ቢንጠለጠልስ? መልሱ አሮጌው መደርደሪያ ራሱ ነው። ከላይ ሳንቃው መደርደሪያው ጀርባ ላይ ተኝቷል። ከታች ደግሞ ከግንባሩ አጽም ወደ ኋላ 10 ሴ.ሜ የሚዘልቁ ሁለት የሞራሌ ምላሶች ከመደርደሪያው ሆድ ሥር ይገባሉ። ሽፋኑ ወደ ፊት ሊዘም ቢል ምላሶቹ ተነሥተው ከመደርደሪያው ሆድ ጋር ይጋጠማሉ፣ እዚያው ይቆማል። ሲሚንቶውን እንዳይፍቁ በላያቸው ላይ የጎማ ቁራጭ ተለጥፏል፤ የተለጠፈው እንጨቱ ላይ እንጂ መደርደሪያው ላይ አይደለም። በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ከታች በድርብ ፌስታል የታሰረ 10 ኪሎ አሸዋ ተቀመጠ። የሽፋኑ ክብደት ከአሸዋው ጋር ወደ 60 ኪሎ ስለሚደርስ ተገፍቶም በቀላሉ አይንሸራተትም። የመግጠሙ ቅደም ተከተል አይቀየርም፦ እግሮቹ ይቆማሉ፣ ግንባሩ ከፊት ወደ ኋላ ይንሸራተትና ምላሶቹ ይገባሉ፣ ቡሎኖቹ ይጠብቃሉ፣ መጨረሻ ሳንቃው ከላይ በቪቴ ይታሰራል።

ውሃ ልክ ሲቀመጥ መደቡ ከግራ ወደ ቀኝ በ1.2 ሴ.ሜ ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። በቀኙ እግር ሥር ባለ 4 ሚ.ሜ የኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ ስስ ጣውላ) ቁራጮች ሦስት ተደርበው ተስተካከለ።

ወደ ውስጥ ለገባው አፍ 89 በ67 ሴ.ሜ የሆነ ተነቃይ ፊት ተሠራ፤ 2 በ4 ሴ.ሜ በሆነ ቀጭን እንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ የቀርከሃ ሽመና ነው። በአራት የቁም ሳጥን ማግኔት ይያዛል፤ በጣት ሳብ ሲያደርጉት ይወጣል። ቀርከሃ የተመረጠው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በሽመናው መካከል አየር ስለሚያልፍ የእሳቱ ሆድ ይተነፍሳል፤ ተለይቶ የአየር መውጫ መብሳት አላስፈለገም። ከኋላው ያለው ጨለማም ሽመናውን ያጎላዋል፣ ስለዚህ ጨርቅ አልተለበጠበትም።

ቀለሙ ከሳሎኑ ግድግዳ ጋር አንድ የሆነ ክሬም ነው። ነጭ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ክሬም ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር ማቆም ግን ለመሸፈን የተፈለገውን ነገር ማስተዋወቅ ነው። የቪቴ ጭንቅላቶች በስቱኮ ተሞሉ፣ በ120 ከዚያም በ220 ብርጭቆ ወረቀት ተፋቁ፣ አንድ እጅ የዘይት መሠረት፣ ሁለት እጅ ፊኒሽ ተቀባ። የሚቀባው ወደ 3 ካሬ ሜትር ስለሆነ ለሁለቱም እጅ አንድ ሊትር ቀለም ይበቃል። እግሮቹ ከግንባሩ ጋር የሚገናኙበት መስመር ግን በስቱኮ አልተሞላም። በክረምትና በበጋ እንጨቱ ስለሚነፋና ስለሚሰበሰብ ስቱኮው መሰንጠቁ አይቀርም፤ ሲፈታም ይረግፋል። 2 ሚ.ሜ የሆነ ቀጥ ያለ ቦይ ሆኖ ቀረ፣ ታስቦበት የተሠራም ይመስላል።

ከሳንቃው በላይ ያለው እድፍ የተሸፈነው 110 በ130 ሴ.ሜ በሆነ የእንጨት ፍሬም ላይ በተወጠረ የሽሮ ሜዳ የእጅ ሽመና ነው። አልተሰቀለም፤ ሳንቃው ላይ ቆሞ በትንሹ ወደ ግድግዳው ተደግፏል፣ እንዳይንሸራተት ከፊቱ ሳንቃው ላይ ቀጭን እንጨት ተመትቷል። ከላይ ሁለት የጎማ እግሮች ከግድግዳው ስለሚያርቁት ከኋላው አየር ይዘዋወራል። እርጥበት ያለው ግድግዳ ላይ ጥጥ ቢለጠፍ በአንድ ክረምት ይሻግታል። ቴሌቪዥኑስ ለሚል፦ ሳንቃው ላይ በራሱ እግር መቆም ይችላል፤ ግድግዳው ላይ መስቀል ግን በዚህ ቤት አይታሰብም።

የተበላሸውና የታረመው

በመጀመሪያዎቹ ወራት የኤምዲኤፉ የታችኛው ጠርዝ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አበጠ። መደቡ በእርጥብ መወልወያ ስለሚጠረግ ውሃው ጠርዙ ሥር ይቆም ነበር፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው፣ አንዴ ካበጠም አይመለስም። ያበጠው ተቆርጦ ወጣ፣ ጠርዙ ከመደቡ 8 ሚ.ሜ ከፍ አለ፣ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ታተመ፣ ክፍተቱም በፕላስቲክ ዞኮሎ (የግርጌ መሸፈኛ) ተሸፈነ። ዞኮሎው የኮምፔንሳቶ ድርብርቡንም ደበቀው። ይህ ከመጀመሪያው መሠራት የነበረበት ነው፤ ኤምዲኤፍን ከወለል ጋር አገናኝቶ የሚተው አናጺ ውሃ የያዘች የቤት ሠራተኛን ረስቷል።

ቀጥሎ ከቀርከሃው ሥር እንደ ዱቄት ያለ ቢጫ ብናኝ መታየት ጀመረ። ነቀዝ ነው። ሽመናው በደንብ ሳይደርቅ የተሸጠ ነበር። የተበላው ተነቅሎ በደረቅ ተተካ፣ ከመወጠሩ በፊት በሁለቱም ፊቱ ቫርኒሽ ተቀባ። ፊቱ በማግኔት ስለሚያዝ ሥራው የአንድ ከሰዓት ነበር፤ በሚስማር ተመትቶ ቢሆን ቀለሙም አብሮ ይበላሽ ነበር።

ሽታው በአብዛኛው ጠፍቷል። ከባድ ዝናብ ከነፋስ ጋር ሲመጣ ትንሽ ይመለሳል፤ ጡቡ የጠጣውን የዓመታት ጭስ ብሩሽ አያወጣውም።

ስለ ከሰል

ከሽፋኑ ፊት 22 ሴ.ሜ ያህል የመደብ ጫፍ ተርፏል። ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ይህች ጫፍ ለከሰል ምድጃ የተሠራች ትመስላለች፤ ከኋላዋ «ጭስ መውጫ» አለ ተብሎ ይታሰባልና። እዚያ ከሰል አይቀመጥም። አንደኛ፣ ከኋላዋ ኤምዲኤፍ፣ ቀርከሃና ጥጥ ነው ያለው። ሁለተኛ፣ ጉሮሮው ተዘግቷል። ጉሮሮው ክፍት ቢሆንም እንኳ አያስተማምንም፤ የጭስ መውጫ የሚስበው ሲሞቅ ነው፣ የአንዲት ጀበና ከሰል ደግሞ የቀዘቀዘ የግንብ ጭስ መውጫ አያሞቅም። ሰንደሉ ያሳየው ቁልቁል የሚወርድ አየር የከሰሉንም ጋዝ ወደ ሳሎን ይመልሰዋል። ጋዙ፣ ማለትም መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ አይሸትም፣ አይታይም፤ የነደደ ከሰል ጭስ ስለሌለው ሰው የጸዳ ይመስለዋል። ረከቦቱ የተዘረጋው በሌላው የሳሎኑ ጫፍ፣ ወደ በረንዳ በሚከፈተው በር አጠገብ ነው፤ ከሰሉ በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ ይገባል፣ ቡናው እስኪያበቃ በሩ ክፍት ይሆናል፣ ከዚያም ምድጃው ይወጣል። ቤት ውስጥ አያድርም።

ወረቀቱ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ለሚኖርበት ሳሎን የአንድ ሉህ ኤምዲኤፍና የአናጺ ዋጋ ማውጣት ያዋጣል። ለስድስት ወር ቢሆን ኖሮ ምክሩ ካርቶኑን ጨርቅ አልብሶ መተው ይሆን ነበር።

ለሽፋኑ ከውሉ ጋር የተያያዘ አንድ ገጽ ስምምነት ተጻፈ። አራት ነገር ይዟል፦ ሽፋኑ የተከራዮቹ ንብረት መሆኑና ሲለቁ እንደሚያነሡት፤ ግድግዳውና ድንጋዩ እንዳልተበሱና እንዳልተለጠፈባቸው፤ ጉሮሮው በስፖንጅ መዘጋቱና ፋየርፕሌሱ ሥራ ላይ እንደማይውል፤ የጣሪያው ቆብ ጥገና የአከራይዋ መሆኑ። አብሮ የድንጋዩ ፎቶዎች ተያያዙ፤ በፕላስተሩ ሙከራ ቀለሙ የተገነጠለበት ቦታም በቅርብ ተነሥቶ ገብቷል፣ ምክንያቱም የተደበቀ ጠባሳ በርክክብ ዕለት ከነበረው በላይ ገዝፎ ይወጣል። አከራይዋ ፎቶውን አይተው «እሱማ ይላጥ፣ ድንጋዩ ከሥር አለ» ብለው ፈረሙ።

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ክትትሉ የሚከተለው ነው፦ የቀርከሃውን ፊት ሳብ አድርጎ ማውጣት፣ ስፖንጁን በእጅ መጫን፣ ከሥሩ የወደቀ ጥቀርሻ ወይም ጭራሮ ካለ ማንሣት፣ አራቱን ዳዶዎች ማጥበቅ። ስፖንጁ እርጥብ ከሆነ ቆቡ ተነቅሏል ወይም ወንፊቱ ተቀድዷል ማለት ነው፤ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ጣሪያ ላይ ሰው ይወጣል።